ሳያልቅ የወጣንበት ፊልም

አንድ ፊልም አለ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ዙሪክ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ ጄኔቫ ያየሁት። በመካከሉ ወደ አርባ ዓመት አልፏል። እንዲህ አድርጎ ፊልም ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ፈልጌው አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ጄኔቫ ውስጥ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ፤ ከስሪላንካ የመጡ ታሚሎች፣ እንደ እኔው ጡረተኞች። ባለቤቴ ሶስና ልጃችን ዘንድ ሎዛን ሄዳ ነበርና ሰውየው ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ «ብቻዎን ምን ይበላሉ? ይምጡ እንጂ!» አለኝ። ወጣሁ። ሩዝና ምስር፣ ኮኮናት የገባበት ዓሣ በላን። ከምግቡ በኋላ ሚስትየዋ «የድሮ ፊልም ነው፣ የቤተሰብ» ብላ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ሪዙ የተንዠረገገ የመንደር ዳኛ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሕዝቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከቦታል። ዳኛው የሚፈርደው በገዛ እህቱ ላይ ነው፤ ውሃ ጉድጓድ አጠገብ ከወንድ ጋር ታይታለች ተብሎ። «ከዛሬ ጀምሮ እሳት የሚሰጣት፣ ውሃ የሚያቀምሳት፣ ስሟን የሚጠራ ሁሉ አብሯት ይባረር» ይላል። ከሥር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ነበረው፤ ለእኔ ግን ማንበብ አላስፈለገኝም። ያንን ዛፍ አውቀዋለሁ። ያንን ሪዝ አውቀዋለሁ። እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁትም ነበርና እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁ። ከሳሹ ዋሽቶ ኖሯል። ዳኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሲሰማ በባዶ እግሩ እህቱ ጎጆ ድረስ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ እሷም አነሳችው፤ ዘፈን ሆነ። ጎረቤቴ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች «እንዴት ያለ ትልቅ ሰው!» አለች። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ የቀረበልኝን ጣፋጭ ሳልነካ ወረድኩ። ሆዴን አላመመኝም። ትልቅ ሰው ይላሉ እንዴ!

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዙሪክ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት እሠራ ነበር። አንሶላው ከትልቁ መተኮሻ ማሽን እንደ እሳት እየፋጀ ሲወጣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጥፈዋል። ትራራቃለህ፣ ትወጥራለህ፣ ከዚያ ትቀራረብና ጫፉን ከእጇ ትቀበላለህ፣ ደግሞ ትርቃለህ። እኔን ያጣመሩኝ ከማላር ጋር ነበር።

ማላር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሲቃጠል ከወላጆቿና ከታላቅ ወንድሟ ጋር የመጣች ታሚል ናት። ማሽኑ ስለሚጮህ ማውራት የሚቻለው ስንቀራረብ ብቻ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ እንራራቃለን፤ ስንገናኝ እመልሳለሁ፣ እንራራቃለን። ያውም በተሰባበረ ጀርመንኛ! አንድ ቀልድ ለመጨረስ አራት አንሶላ ይፈጅ ነበር። ምሳ ሰዓት ሎሚ የተጨመቀበት ቢጫ ሩዝ በብረት ሳህን ታመጣለች፤ እኔ ፍርፍሬን እይዛለሁ። መጀመሪያ ቀን ከእኔ ቀምሳ «ይህ ለሕፃን የሚሰጥ ነው?» አለችኝ። የእናቴን በርበሬ! ተናድጄ ከእሷ የቃሪያ ድልህ አንድ ማንኪያ ዋጥ አደረግኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ዋልኩ፣ እሷ ስትስቅ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ከሥራ ወጥተን በሊማት ወንዝ ዳር እንሄድ ጀመር። እሷ አሥር እርምጃ በሄደች ቁጥር ዞር ትላለች፤ የመንደሯ ሰው ግማሹ ዙሪክ ነበርና። አባቷ አገራቸው የመንደር ዳኛ ነበሩ። ስደት ላይም ቢሆን ያው ዳኛ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ እሳቸው ቤት ይመጣል፣ እሳቸው ያሉት ይሆናል። ማላር አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«እስከ መስከረም ታገሠኝ። መስከረም የነርስ ትምህርት ቤት እገባለሁ፣ እዚያ ክፍል ይሰጡኛል። የራሴ በር ሲኖረኝ ለእናቴ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ።»

«ታፍሪብኛለሻ! ጥቁር ስለሆንኩ ነው» አልኳት።

እጇን ከእጄ ጎን ዘርግታ «ከእኔ የትኛው ነው የሚጠቁረው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። «አባቴን አታውቀውም» አለች።

አምስት ወር ነበር የጠየቀችኝ። አምስት ወር! ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የምጠብቀው እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

እኛም ደግሞ የራሳችን ዳኛ ነበሩን። ጋሽ ብርሃኔ ይባላሉ። አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጠው የፈረዱ ሰው ናቸው፤ ዙሪክ የትምህርት ቤት ኮሪደር ይወለውላሉ። እሑድ እሑድ ግን ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው የእኛን የስደተኞቹን ጠብ ይዳኛሉ። ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ማን ከማን ቤት እንደማይደርስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከቃላቸው የወጣ ሰው በበዓል ብቻውን ይበላል፣ ቢታመምም የሚጠይቀው የለም። ያኔ ደግሞ አውስቫይሳችንን፣ የመኖሪያ ወረቀታችንን ማለቴ ነው፣ የምንጠብቅ፣ አገር የሌለን፣ እርስ በርሳችን ብቻ የነበርን ሰዎች ነን።

የፋሲካ ዕለት ትንሽ ጠጅ ቢጤ ቀምሼ ስለ ማላር አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ብርሃኔ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ እንደ ሌባ በወንዝ ዳር የምትሽሎከለከው ለምንድን ነው? እኛ ወግ ያለን ሰዎች ነን። ሽማግሌ እንልካለን። ሽማግሌ ተልኮለት የሚቆጣ አባት በየትኛው አገር ነው ያለው?»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ወላጆቼ ሩቅ ናቸው፣ ለእኔ የሚቆም ሰው ተገኘ። ለማላር አልነገርኳትም። አስደንቃታለሁ ብዬ ነው። አይ የእኔ ነገር፣ አፈር በበላሁ!

በወጉ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን የጋሽ ብርሃኔም፣ አብረዋቸው የተመረጡት የሁለቱ ሽማግሌዎችም ጀርመንኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ የራሴ ሽማግሌዎች አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል፣ የሚያዝያ ነገር። የእነማላር ቤት በር ሲከፈት በዘይት የተቆላ ሰናፍጭ ሽታ ፊታችንን መታን። መግቢያው ላይ ጫማ ተከምሯል። ሳሎኑ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የቪዲዮ ፊልም ያያል፤ መንደሩ በሙሉ ማለት ነው። ጫማችንን እንድናወልቅ በእጃቸው አመለከቱን። ጋሽ ብርሃኔ «ሽማግሌ በካልሲ አይቆምም» አሉና ከነጭቃቸው ምንጣፉ ላይ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው።

የማላር አባት ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ቀጭን ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ወንበር አስመጡ። ጋሽ ብርሃኔ ግን አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ስለ ዘሬ፣ ስለ አባቴ ስም፣ ስለ ጨዋነቴ። እኔ ያንን ሁሉ በጀርመንኛ ሦስት ቃል አደረግኩት፤ «ልጅዎን ልናገባ መጣን» አልኩ። የማላር ወንድም ሰማኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወደ ታሚልኛ መለሰው። ቴሌቪዥኑን የዘጋ ሰው የለም። በዚያች ቅጽበት ያ ባለሪዝ ዳኛ ዛፉ ሥር ፍርዱን ይሰጥ ነበር፤ ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቋንቋውን ባላውቅም ምን እየሆነ እንደሆነ ገባኝ።

ማላርን ከወጥ ቤት ጠሯት። እጇ ላይ ዱቄት ነበር። ወንድሟ እኔም እንድሰማ በጀርመንኛ ጠየቃት።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

እኔን አየችኝ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች አየች፣ ምንጣፉ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ሌላ ነገር አላውቅም ብትል ትድን ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

«አውቀዋለሁ» አለች። «መስከረም ላይ ልነግራችሁ ነበር።»

አባቷ አልጮሁም። አልመቷትም። ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ውሃ ሲወርድ ሰማን። ሲመለሱ ከነልብሳቸው ነበሩ፣ ውሃው ከፀጉራቸው በሸሚዛቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ እሪ አሉ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ወንድሟ ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ ነገረኝ።

«ሰው ቀብረን ስንመለስ እንዲህ ነው የምንታጠበው። አባቴ ልጅቷን ቀበራት። አሁን ውጡ።»

«ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል ጋሽ ብርሃኔ።

ትራም ማቆሚያው ላይ ቆመን ሳለ ማላር ከቤታቸው ወረደች። የቤት ጫማ ተጫምታ፣ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዛ። ካልሲዋ ወዲያው ራሰ። አላለቀሰችም። አጠገቤ መጥታ ቆመችና «መስከረም ብዬህ ነበር» አለችኝ።

ጋሽ ብርሃኔ ክንዴን ይዘው ጥቂት ፈቀቅ አደረጉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ውሃ እንኳ ሳይቀርብልኝ እንደ ውሻ ተባረርኩ፤ በአንተ ምክንያት። ሰምተሃል? አባቷ የቀበራትን ልጅ ይዘህ እኛ ቤት አትመጣም። ከመረጥካት ሂድ፣ ከእኛ ጋር ግን አለቀ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ማላር አማርኛ አታውቅም። የምታየው ግን የእኔን ፊት ሳይሆን የጋሽ ብርሃኔን ፊት ነበር። የዳኛ ልጅ ናት፣ ፍርድ ሲሰጥ ታውቃለች።

ትራሙ መጣ።

«ዛሬ ጓደኛሽ ዘንድ እደሪ፣ ነገ እንነጋገራለን» አልኳት።

«የትኛዋ ጓደኛዬ?» አለችኝ። ጓደኞቿ በሙሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔም ገባሁ። በሩ ተዘጋ፣ እሷ እዚያው ቆማ ቀረች።

በማግሥቱ ሥራ ገባች። የት እንዳደረች አልጠየቅኳትም። ፊት ለፊቷ ቆሜ አንሶላ ማጠፍ ስላልቻልኩ አለቃውን ሌላ ቦታ መድበኝ አልኩት፤ መደበኝ። ከአንዲት ፖርቱጋላዊት ጋር ስታጥፍ ከሩቅ አያታለሁ። ቀና ብላ አላየችኝም። ዓርብ ዕለት ቀረች፣ ከዚያም አልተመለሰች። አንዱ በርሊን ሄደች አለ፣ ሌላው ለንደን። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ አልሄድኩም። አልፈለግኳትም። ይህን ነገር የማሳምርበት ቃል የለኝም።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ብርሃኔ ከሶስና ጋር አጋቡኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁሉ በወጉ። ሶስና ደግ ሴት ናት፤ ይህን ታሪክ አታውቅም። ጄኔቫ ገባን፣ ሁለት ልጅ ወለድን፣ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክርስትና ዙሪክ ሄጄ ስመለስ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ደጋግመው አዩኝ። «አንተ ነህ» አሉኝ በጀርመንኛ። አወቅኳቸው፤ የማላር አባት ናቸው። ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ደህና ናት?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት።

«ደህና ናት» አልኩ።

«ልጅ ወለዳችሁ?»

«ሁለት።»

«ስማቸውስ?»

«ቤዛና ዮናስ» አልኩ። የሶስና ልጆች ስም ነው፣ ሌላ ስም ከየት ላምጣ? አፋቸው ላይ እስኪስተካከልላቸው ደጋገሙት። ቤዛ፣ ዮናስ። ቤዛ፣ ዮናስ።

«ስሟ በቤቴ እንዳይጠራ ከልክዬ ነበር» አሉ። «ሚስቴ ግን ዓርብ ዓርብ ተደብቃ መብራት ታበራላታለች። አሁን አልጋ ላይ ናት። ዛሬ የልጆቹን ስም እነግራታለሁ።» ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት ሰው መንገድ ላይ አይጥላትም እያልኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ። ባቡሬ ደረሰና ተነሣሁ።

በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። አንዳንዴ እውነቱን ልጻፍላቸው እልና ለሽማግሌ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ለራሴ ፈርቼ ነው። ልጄን ፈልጉልኝ ብለው ፖሊስ ጋ ሊሄዱ፣ በርሊን ወይም ለንደን ያለውን የአገራቸውን ሰው ሁሉ ሊጠይቁ የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። ደህና ናት፣ እኔ ጋ ናት ብዬ መለስኳቸው። አሁን ማላርን የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ የለም።