የገል አጣቢዋ ድስት

ከቦሌ የካ አባዶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይዤ ቤት ስገባ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ውሃ መጥቷል። በአራት ቀን አንዴ ስለሚመጣ ቁጭ ማለት የለም፤ የተከመረውን ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ጥግ ላይ ከነክዳኑ የተቀመጠውን የእማዬን የሸክላ ድስት ጀርባ የውሃ ፍንጣሪ ሲነካው የረጠበ ሸክላ ሽታ ወጣና እጄን ያዘኝ።

እማዬ ከአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የሚመጣ የጥንት ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ አጣቢ ነበረች። ልጅ ሳለሁ ትምህርት በሌለኝ ቀን መሥሪያ ቤቷ ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ እንዳለች ውላ ወገቧን ይዛ ስትነሳ አሳዘነችኝ። ላግዛት ብዬ፣ ለብቻው ያስቀመጠችውን የድስት ስባሪ ውስጡን በአሸዋ ፈተግኩት። ጥቁረቱ ለቆ ቀይ ሆነ። ደስ ብሎኝ አሳየኋት።

አልተቆጣችም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ውጩን ነው የምናጥበው። ውስጡ ያረረው አይነካም። የዛን ጊዜ እናት ለልጆቿ ምን እንደቀቀለች የሚታወቀው በሱ ነበር። አሁን ማን ይንገረን?»

እኔ የገባኝ ልጆቹ ሳይበሉ እንደቀሩ ነበር። አለቀስኩ።

ዕቃ አጠባው ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት።

«ውሃ መጣ? በይ የእማዬንም ድስት እጠቢው። ከሞተች ስድስት ወሯ እኮ ነው!»

«እሺ» አልኳት።

ውጩን አጠብኩት። ውስጡ ያረረውን የመጨረሻ ሽሮዋን ሳልነካ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወደ ቦታው መለስኩት።