የአንድ ብልቃጥ ልጆች

ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋት በረዶ ስታዳምጥ ነው። ያኔ አዳማ ላይ ባጃጅ እነዳ ነበር። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ቀጠን ያለች ልጅ አየሁ። ውሃ ተሞልቶባቸው በረዶ የሆኑ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ አንድ አንዱን እያነሳች ጆሮዋ ስር ትነቀንቃለች። እኔ ደግሞ ነገር አይቼ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

"ምን ይልሻል?" አልኳት።

"ገና ነኝ ይላል" አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ለካ የክትባት መድኃኒት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ አይደለም። ከማቀዝቀዣው እንደወጣ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ አጠገቡ ካስቀመጡበት፣ አንዳንዱ ራሱ በረዶ ይሆንና ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ስለዚህ በረዶው እስኪያልበው፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫረቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ብልቃጦቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ የሚገባው። ሰው በሰርግ ይተዋወቃል፣ በለቅሶ ይተዋወቃል። እኛ የተዋወቅነው በረዶ እስኪያልበው ስንጠብቅ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለክትባት ስትወጣ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። ሰማያዊውን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ትቀመጣለች። "ከጎንሽ አድርጊው፣ ይከብድሻል" ስላት "በዚያ በኩል ፀሐይ ይመታዋል" ትለኛለች። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሰላምታ ካበዛሁ ትከሻዬን በጣቷ ነካ ታደርገኝና "ና እንሂድ፤ ሰው ቢያውቅህ በረዶው አያውቅህም" ትላለች። ግራር ስር እናቶችን ሰብስባ ስትከትብ፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ጠረጴዛዋን ከነሳጥኑ የማዞረው እኔ ነበርኩ። የባጃጅ ተራው ልጆች ይህን ሰምተው "ፍሪጅ" የሚል ስም አወጡልኝ። ዛሬም ድረስ "ፍሪጅ መጣ" ነው የሚሉኝ።

ተጋባን። አንድ ቀን አኩርፌ "ከእኔና ከሳጥኑ ማንን ትወጃለሽ?" ብላት "ሳጥኑ አያኮርፍም" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ነገር ቶሎ ይከነክነኛል፣ ደሜም ቶሎ ይፈላል። እሷ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። የምፈራት ድምጿ ሲቀንስ ነው።

እናቴ ያለችው አቦምሳ ነው። ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ኩፍኝ ወስዶባታል፤ ያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ልጅ አትቆጥርም። "ልጅ የሚቆጠረው ኩፍኝ ካለፈው በኋላ ነው" ትላለች። እኛ ሴት ልጅ ስንወልድ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነበረች። "እንግዲህ አንድ አለሽ ማለት ነው" ብላት አፌን በመዳፏ ከደነችው። ጎረቤት ስንት የልጅ ልጅ እንዳየች ሲጠይቃትም "የእግዜር ናቸው" ብላ ታልፋለች። ሚስቴ "እማማ፣ ዛሬ እኮ ክትባት አለ። ዘጠኝ ወር ሲሞላት እኔው ራሴ እከትባታለሁ፤ አይስጉ" ስትላት፣ "እሱን ውጊልኝ፣ ያኔ እቆጥራለሁ" አለቻት።

ዘጠኝ ወር ሲሞላት ልናሳያት አቦምሳ ወሰድናት። በሚስቴ ጤና ጣቢያ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ሰኞ ሰኞ ስለሆነ እሁድ ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። እናቴ እሁድ ጠዋት ሻንጣችንን ይዛ አልለቅም አለች። "ሰኞን ብቻ ዋሉልኝ፤ ዓይኗን አይቼ መች ጠገብኩ።" ሚስቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ቀረን።

ሰኞ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ከልጃችን ጋር ሲጫወት ዋለ። ንፍጡን እያዝረከረከ ጉንጯን ይስማታል፣ የገመጠውን ዳቦ ያጎርሳታል። ሁላችንም እየሳቅን አየናቸው። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እናቱ መጣች፤ ሲያተኩሰው አድሮ ፊቱ ሽፍ ብሏል፣ ዓይኑም ደም መስሏል። ሚስቴ ሄዳ አይታው ስትመለስ ድምጿ ቀንሶ ነበር። "ኩፍኝ ነው" አለች። እናቴ በሩን ተደግፋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔ ነኝ ያስቀረኋችሁ" አለች።

ከአቦምሳ እስከ አዳማ ሚስቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዛሬ ከተከተበች ሊደርስላት ይችላል።" ሻንጣችንን ቤት ሳናደርስ በቀጥታ ጤና ጣቢያው ገባን። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ አየች፣ ቶሎ ዘጋችው። እኔ ልጅቷን አቅፌ ክንዷን ገልጬ ቆሜአለሁ። እሷ ግን መርፌ አላነሳችም።

"ትናንት ብዙ ሰው መጥቶ ኖሯል። የኩፍኝ የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው" አለች። "የሚያመጣው መኪና መቼ እንደሚደርስም አይታወቅም።"

"አንድ ካለ ይበቃናል። ክፈቺው።"

"አንዱ ብልቃጥ የአስር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ውሎ አያድርም፣ ይደፋል። ለእሷ ብቻ ብዬ ብከፍተው የዘጠኝ ልጅ ክትባት ደፋሁ ማለት ነው።"

"ድፊው ታዲያ" አልኩ። ደሜ ፈልቷል። "ልጅሽ ናት እኮ። ያ ልጅ ሲስማት በዓይንሽ አይተሻል።"

ድምጿ ቀነሰ። "ነገ አንዲት እናት ከገጠር ልጇን አዝላ በእግሯ ብትመጣ ምን ልበላት? የነርሷ ልጅ ጨርሳዋለች ልበላት?" አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አምስት ልጅ እንኳ ባገኝ አሁኑኑ እከፍተው ነበር። ዛሬ የክትባት ቀን አይደለም፤ ማን ይመጣል?"

"አምስት አልሽ? አስር አመጣልሻለሁ" ብዬ ልጅቷን አስታቅፌአት ወጣሁ። እልህ ነው እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ተራ ሄጄ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዘጠኝ ወር የሞላው፣ ኩፍኝ ያልተከተበ ወይም ሁለተኛው ዙር ያመለጠው ልጅ ፈልጉልኝ አልኩ። "ፍሪጅ ዛሬ ደግሞ ሕፃን ሊጭን ነው" ብሎ አንዱ አሳቃቸው። የልጄን ነገር ሲሰሙ ሳቁ ቀረ። በዕድሜ የሚበልጠን አንድ የወሎ ሰው አለ፤ ሞተሩን እያስነሳ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በሉ ተነሱ" አለ። ደግሞም የባጃጅ ሾፌርን ናቅ አታድርጉት። የሰፈሩን እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ያደረስን፣ ታቅፈው ሲወጡ የመለስን እኛ ነን። የማን ልጅ ስንት ወር እንደሆነው ከአባቱ ይልቅ እኛ እናውቃለን።

አንዷን እናት ልብስ ስታጥብ አገኘኋት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልጇን አነሳችና ባጃጁ ውስጥ ገባች። አንድ ሽማግሌ ግን የልጅ ልጃቸውን አቅፈው በራቸው ላይ ተቀምጠው አልነቃነቅ አሉ። እናቷ ዱከም ፋብሪካ ውላ ነው የምትመጣው።

"ከተወጋች ያተኩሳታል" አሉኝ። "እናቷ ደክሟት ገብታ ስታባብል ትደር?"

"አባባ፣ አንድ ቀን ቢያተኩሳት ምን አለበት። ኩፍኝ እኮ በአንድ ቀን አይለቅም" አልኩና ስለ እናቴ ሁለት ልጆች ነገርኳቸው። የልጅቷን ራስ ዳሰሱ። "የእኔም እናት ቀብራለች" አሉ በመጨረሻ። ለልጅቷ እናት ደውለው አስፈቀዱና ከዘራቸውን አስቀድመው ባጃጄ ውስጥ ገቡ።

የጤና ጣቢያው ግቢ በባጃጅ ተሞላ። የኛዋን ጨምሮ ዘጠኝ ልጆች ሆኑ።

"ይበቃል፣ ልክፈተው" አለች ሚስቴ።

"አስር ነው ያልኩሽ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ አምስት ነው ያልኩህ" አለችና ከአቦምሳ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ብልቃጡን ከፍታ በጠበጠችው።

የኛን ልጅ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያስቆመቻት እሷው ናት። "እናንተስ ተራ ታከብሩ የለ?" አለችኝ። ተራችን ሲደርስ ልጅቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ሚስቴ ስንቱን ልጅ ስትወጋ አይቻለሁ፤ ያንኑ ክንድ ሁለቴ በጥጥ ስትጠርግ ያየኋት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ እሪ ብላ አልቅሳ እናቷን በቅያሜ አየቻት። ሚስቴ መርፌውን ጥላ ከቤቱ ኋላ ሄደችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

የአንድ ልጅ ቀርቷል። ፀሐዩ ማዘንበል ጀምሯል። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ፣ የሚኒባስ ረዳት "ፍራንኮ፣ ፍራንኮ" እያለ የሰፈር ስም በሚጠራበት ድምፅ "ኩፍኝ ያልተከተበ" እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። የተራው ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ያን ጊዜ ከአዳሚ ቱሉ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ከነሽንኩርት ጆንያዋ ከሚኒባስ ወረደች። ዓመት ያለፈው ልጅ አዝላለች።

"አካም ጅርታ እህቴ፣ ልጁ ኩፍኝ ተከትቧል?" አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ወስጄው ነበር" አለች። "ልጅ አልሞላም፣ ሌላ ቀን ነይ ብለው መለሱኝ። ሌላ ቀን ከየት ይመጣል?"

ጆንያዋን ተሸከምኩላት። "ዛሬ ሞልቷል" አልኳት። "የጎደለው ያንቺ ልጅ ብቻ ነው።"

ለእናቴ ስደውል ገና ሳይጠራ አነሳችው። "ተወጋች?" አለች። ተወግታለች አልኩና ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሽንኩርቷ ሴት፣ አስር ልጅ እንዴት እንደሞላ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ጠዋት እየደወለች "ዓይኗ አልቀላም?" ትላለች። አልቀላም። "አላተኮሳትም?" አላተኮሳትም። የጎረቤቷ ልጅም እየተሻለው መሆኑን ነገረችን። ሚስቴ ማታ ማታ የኩፍኝ ሽፍታ መጀመሪያ የሚወጣበትን የልጅቷን ጆሮ ግንድ በመብራት ስታይ አያታለሁ፤ ያላየሁ እመስላለሁ።

ሚስቴ "በቃ፣ አልፏል" ባለች ሳምንት እናቴ ማንንም ሳታስከትል አዳማ መጣች። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ሆዷን እያገላበጠች አየች። ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጥታ፣ ሰው እንግዳ ሲያገኝ እንደሚጠይቀው፣ "እማማ፣ ስንት የልጅ ልጅ አዩ?" አለቻት። እኔ የለመድኩትን መልስ እየጠበቅኩ ነበር።

"አስር" አለች እናቴ።

ጎረቤታችን ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። አንድ ናት ብዬ ላርም አፌን ስከፍት ሚስቴ እጄን ያዘችኝ።