የአባት ሰዓት በመዝገብ ቤት

ወረታ ባለው ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ መስኮቴ ላይ ቆማ፣ «ፍቺ ስንት ነው?» አለችኝ። አጠያየቋ የበርበሬ ዋጋ የምትጠይቅ ያስመስላታል። «ባልሽ ምን አደረገሽ?» አልኳት። ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች።

አለቃዬ ጋሽ ካሣሁን ከኋላዬ ተነሥተው ወንበር አቀረቡላት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ምክንያቷን ለአንቺ የመናገር ግዴታ የለባትም» አሉኝ። «ማመልከቻውን ተቀበይ፣ ቁጥር ስጪ፣ መዝገብ ክፈቺ፣ ቀጠሮዋን ንገሪ። አትምከሪ፣ አትፍረጂ።»

በዚህ ደንብ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲመጡ ስለ ንብረታቸውና ስለ ልጆቻቸው የተስማሙበትን ጽሑፍ አያይዛለሁ። አንዱ ብቻ ሲያመለክት ለሌላው መጥሪያ አወጣለሁ። «መጥሪያውን ካልተቀበልኩ ፍቺ የለም» የሚል ባል ብዙ አይቻለሁ። ወረቀቱ ደጁ ላይ ይለጠፋል፣ ጉዳዩም እሱ በሌለበት ይቀጥላል።

ደንቡን አንድ ጊዜ የጣስኩ የመሰለኝ በመልካሙና በጥሩሰው መዝገብ ነው።

መልካሙ ይፋግ ከተማ አጠገብ ሩዝ የሚያርስ ገበሬ ነው። ጥሩሰው ከተፋቱ በኋላ ወረታ ቤት ተከራይታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። መሬቱን ያለ ጠብ ተካፍለዋል። የአምስት ዓመት ልጃቸው እናኑ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወስኗል። መልካሙ ደመወዝ የለውም። ስለዚህ ቀለቡ በዓመት ሩዝ፣ ለልብስና ለደብተር ደግሞ ጥቂት ብር እንዲሆን ተስማሙ፤ ዳኛዋም አጸደቁት።

ዓመት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ።

«ልጄን ካላሳየችኝ ቀለብ አልሰፍርም» አለ መልካሙ ችሎት ፊት።

«ቀለብ ካልሰፈረ ልጅቱን አያይም» አለች ጥሩሰው።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሩዙን የምትበላው ማን ናት?»

«እናኑ» አለ መልካሙ።

«አባት የሚያስፈልጋትስ?»

«እሷው ናት» አለች ጥሩሰው።

«እንግዲያው ቀለቡም አባቷም የእሷ ናቸው። አንተ ብታያትም ባታያትም ቀለቧን ትሰፍራለህ። አንቺም ቀለቡ ቢዘገይ እዚህ መጥተሽ ታመለክቻለሽ እንጂ ልጅቱን አትደብቂም።»

አንዱ የሌላውን ደጅ አልረግጥም ስላሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት አባትና ልጅ መዝገብ ቤት በር ላይ ባለው አግዳሚ እንዲገናኙ ታዘዘ። እኔ ታዛቢ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሐሙስ እናኑ አሥር ሰዓት እስኪሞላ አለቀሰች። ሁለተኛውም እንዲሁ። መልካሙ በሬ ጠምዶ ማረስ እንጂ ሕፃን ማባበል አያውቅም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። በሦስተኛው የሽምብራ እሸት በእቅፉ ይዞ መጣ። አንድ አንድ ፍሬ እየፈለቀቀ አግዳሚው ላይ ደረደረላት። እናኑ ለቅሶዋን አቋርጣ ሁለት ፍሬ አነሣች። ወዲያው ግን ወደ ውጭው በር ዞር አለችና እንደገና አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሐሙስ መልካሙ ቀድሞ መስኮቴ ላይ ቆመ።

«እቴ፣ ልጄን ማየቱን ትቻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ቀለቧን በሰው እልካለሁ።»

«ምነው?»

«አባቷ ማልቀሻዋ ሆንኩ። እኔ ካልመጣሁ አታለቅስም።»

ማመልከቻ የመቀበል ግዴታ አለብኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ስሙን ጻፍኩና አቆምኩ። ያቺ ልጅ አባቷን አይታ አልቅሳ አታውቅም። የምታለቅሰው ሁልጊዜ ወደ ውጭው በር ከዞረች በኋላ ነው። እዚያ ጥሩሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

«ትንሽ ቆየኝ» ብዬ ወጣሁ።

ጥሩሰው እናኑን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እናኑ የምታለቅሰው አባቷን ጠልታ አይደለም» አልኳት። «አንቺ ስታለቅሺ ስታይ ነው።»

ጥሩሰው እናኑን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ይወስድብኛል ብዬ እኮ ነው» አለች። «እሱ ሰፊ ቤት አለው። አያቷም እዚያ ናት። እኔ ያለኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ማንም እንዳይወስድብሽ ተወስኗል። ውሳኔው እኔ ዘንድ በመዝገቡ ውስጥ አለ።»

ፊቷን ጠራርጋ ተነሣች። የልጇን እጅ ይዛ ገባችና መልካሙ ካለበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከተፋቱ ወዲህ እንዲያ ተቀራርበው አያውቁም።

«ሂጂ፣ አባትሽ ነው» አለቻት። «እኔ እዚሁ አለሁ።»

እናኑ የእናቷን ፊት ደጋግማ አየች። ከዚያ በቀስታ ሄዳ በመልካሙ ጉልበቶች መሃል ቆመች። መልካሙ እንዳይነካት ፈርቶ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። እሷ ነች እጁን ጎትታ፣ «ሽምብራዬስ?» ያለችው። ያን ቀን ምንም አላመጣም ነበር። ሦስቱም ሳቁ። እኔ ወደ ክፍሌ ገብቼ የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩ።

ለጋሽ ካሣሁን ደንብ ጥሻለሁ ብዬ ነገርኳቸው። «ያየሽውን መናገር መምከር አይደለም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላነሡትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ተዉ። መልካሙ ልጁን ከጥሩሰው ደጅ ተቀብሎ ለፋሲካ ይፋግ ወስዷት መለሳት። በአዝመራው ጊዜም ሩዙን በራሱ ጋሪ ጭኖ መፈልፈያው ድረስ አመጣ። እንደገና አልተጋቡም፤ የተጠየቀውም ያ አልነበረም።

ዛሬ አዳዲስ ሬጅስትራሮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የልጆቹን ስምና ዕድሜ አስቀድመው እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። «ቅጹ ላይ የልጆች ቦታ ከታች ነው፤ ከዚያ ጀምሩ» እላቸዋለሁ።