ለኬብል የተቀመጠ ሽምግልና

ሱቁ ውስጥ አምስት ነበርን። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከፊት ለፊቱ በክርናቸው ተደግፈዋል። የንስሐ አባቴ ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ገመድ ሊገዙ መጥተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የኬብል ጥቅሎች ዘንድ ነበረች፤ እኔ በእሷና በወንዶቹ መካከል።

ልጄ የእንጨት ሥራ ተምራ ባሕር ዳር በሰው ወርክሾፕ ተቀጥራ ቆይታለች። ባለፈው ዓመት የጣውላ መላጊያ ማሽን ገዝታ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። ጓሯችን መጨረሻ ያለውን፣ ድሮ እህል የምናስቀምጥበትን ቤት አጸዳንላት። ቆጣሪው ግን ያለው በመንገዱ በኩል፣ ከዋናው ቤት ግድግዳ ላይ ነው። መጀመሪያ አጎቷ በሰጧት ቀጭን ሽቦ ሞከርነው። ማሽኑ ጣውላውን ሲነካ አቃሰተና ቆመ። ሽቦውን ዳሰስኩት፤ ትኩስ ነበር። ልጄ ሮጣ ነቀለችው።

«ቀጭን ሽቦ ሩቅ ሲሄድ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል» አለችኝ። «ሞተሩን ያቃጥለዋል።»

ሞተሩ ከተቃጠለ የምንተካበት የለንም። እሷም ተመልሳ ቅጥር መግባቷ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ ልጄ ባለ ስድስቱን ኬብል መረጠች። ቁጥሩ የመዳቡን ውፍረት ነው የሚናገረው። አጎቷ ባለ ሁለት ተኩሉን አሉ። አንበሳሜ ከተማ ያለው የእሳቸው በረት አምፖል የሚበራው በዚያው ነው። ይዘናቸው የሄድነው ባለሱቁን ስለሚያውቁት ብቻ ነበር።

«ይሄማ የሞፈር ምራን ነው!» አሉ፣ ወፍራሙን በእጃቸው እየመዘኑ። «በሬ ልትጠምዱበት ነው?»

«በሬውም የሚበጥሰው አይመስለኝም» ብሎ ባለሱቁ ሳቀ።

«አጎቴ፣ የእርስዎ አንድ አምፖል ነው፤ የእኔ ሞተር ነው» አለች ልጄ።

«አይ ሞተር! ወፍጮ የተከልሽ አስመሰልሽው እኮ።»

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እሷ ያለችውን ቁረጥ» አልኩት።

መቁረጫውን አላነሳም። ዓይኑ የባለቤቴ ወንድም ላይ ነበር።

ይህን ጊዜ የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆዩ፣ ቆዩ። ዘመድ ከዘመድ በሰው ሱቅ አይካሰስም። እሳቸው ሁለት ተኩል አሉ፤ ልጅቱ ስድስት አለች። በአራት ጨርሱት።»

«ይባረኩ አባቴ!» አሉ የባለቤቴ ወንድም ወዲያው። «ለእርስዎ ስል እኔ ከፍ ብያለሁ። እነሱም ዝቅ ይበሉ።»

ከፍ ብያለሁ አሉ! ሽምግልና አልንቅም። የባለቤቴን መሬት ድንበር ከጎረቤት ጋር ያስማሙን እኚሁ አባት ናቸው። መሃል ላይ ድንጋይ አስተከሉ፤ ሁለታችንም ጥቂት ጥቂት ጎድሎብን በሰላም ገባን። መሬት እንዲህ ይካፈላል። ሞተር ግን ለሽማግሌ ብሎ በጥቂቱ አይቃጠልም። አንዱ ቁጥር ከበረት የመጣ ነው። ሌላውን ልጄ ርቀቱን ለክታ፣ የሞተሩን ጉልበት አስባ ነው ያመጣችው። ሁለቱን እኩል አስቀምጠው መሃሉን ፈረዱ፤ ፈርደውም ደግ ሥራ የሠሩ መሰላቸው። «አራቱስ ይበቃል ወይ?» ብሎ ልጄን የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

እኔ ጠየቅኋት።

«አይበቃም» አለች፣ ወለሉን እያየች።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ የንስሐ አባቴ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። «የሽማግሌ ቃል አይረገጥም።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ «እሺ አባቴ» አለች። ባለሱቁ ባለ አራቱን ጥቅል አውርዶ መቁረጫውን አነሳ። አሁን ፈጥኖ አነሳው።

«እንዳትቆርጥ» አልኩት።

«እማማ፣ አባ ፈረዱ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አባቴ፣ ከሰው ስጣላ ያስታርቁኝ፤ እሺ እላለሁ። ከሽቦ ጋር አልተጣላሁም።»

«ማንን ንቀሽ ነው?» አሉ የባለቤቴ ወንድም። «እኔን ነው እሳቸውን?»

«ሞተሩ ቢቃጠል እርስዎ ይተኩላታል፣ ጋሼ?»

ክርናቸውን ከባንኮኒው አነሱ።

ባለሱቁን፣ ባለ ስድስቱን ይቆርጥልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። የንስሐ አባቴን አየ፤ ከዚያ የባለቤቴን ወንድም አየ።

«ከጋሼ ጋር ተስማምተው ይምጡ፣ እማማ» አለኝ።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ወደ በሩ ሄጄ የንስሐ አባቴን መስቀል ተሳለምኩ፤ ልጄን በክንዷ ይዤ ወጣሁ።