ሦስት ኮሌጅ፣ አንድ ጥያቄ፦ «ሰፈርሽ የት ነው?»

ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ሩቅ አገር አልሄድኩም፤ ፓስፖርትም አላወጣሁም። ከቆሼ ቦሌ፣ ከቦሌ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። ጉዞዬ ይኼው ነው። ግን እመኑኝ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት አገር አይቼ ነው የተመለስኩት።

የወጣሁት ኮሌጅ ለመምረጥ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፌያለሁ። ክፍለ ሀገር ሄጄ እንዳልማር እማዬ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ስላለች፣ እዚሁ አዲስ አበባ ካሉት የግል ኮሌጆች አንዱን መያዝ አለብኝ። ምዝገባው ደግሞ ነገ ዓርብ ያበቃል። የምማረው አካውንቲንግ ነው። አካውንቲንግ የትም አካውንቲንግ ነው፤ ዴቢት ቦሌ ስለሄደ ክሬዲት አይሆንም። የሚለያየው ግቢውና ሰዉ ነው። አራት ዓመት ከእነማን ጋር ልቀመጥ ነው? እነሱስ እኔን ምን ብለው ሊያስቀምጡኝ ነው? ይህን በዓይኔ ሳላይ አልመዘገብም አልኩ። እማዬ ግን አስቀድማ ወስናለች፤ የቦሌው ነው። «የደህና ሰው ልጆች ያሉበት ነው» ትላለች። እኛ ምን ሆነን ነው እንግዲህ?

እማዬ ያገለገለ ጀሪካንና የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚለቅሙት ሰዎች ያመጡላታል፣ እሷ በአሸዋና በሳሙና ፈትጋ እንደ አዲስ ታደርገውና መርካቶ ምናለሽ ተራ ታስረክባለች። ደንበኞቿ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም። ሰፈሯን ለጠየቃት ሁሉ መልሷ የጎረቤቱ ሰፈር ነው፤ «አየር ጤና» ትላለች። ከታክሲ እንኳ ቆሼ ፌርማታ ላይ አትወርድም። የሚቀጥለው ላይ ትወርድና ዘንቢሏን ተሸክማ ወደ ኋላ በእግሯ ትመለሳለች። ከሰፈራችን እንዲህ የማያደርገው ጥቂት ነው። ዝናብ ይጣል፣ ጭቃ ይሁን፣ አንድ ፌርማታ አልፎ መውረድ ደንብ ሆኗል። እኔም ይህንኑ ሳደርግ ነው ያደግኩት።

በር ላይ ያዘችኝ። «ሰፈርሽን ከጠየቁሽስ?»

«አየር ጤና።»

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

ዘነበወርቅ ላይ ሃዊ ተሳፈረች። ሃዊ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት፤ እሷም ኮሌጅ እየፈለገች ነው፣ የምትማረው ኮምፒውተር ነው። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀላቀለ ነው የሚወራው፣ ጭቅጭቅ ግን በሁለቱም ትችልበታለች። ረዳቱ በታሪፉ ላይ አምስት ብር ሲጨምር በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችለት። ሳይወድ በግድ መለሰ።

አራት ሰዓት፣ ቦሌ

የቦሌው ኮሌጅ መስታወት በመስታወት ነው። አሳንሰሩ ይሠራል። ባኞ ቤቱ ውስጥ ውሃውም ሳሙናውም አለ፤ የእጅ ማድረቂያው ሲጮህ ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። የኮምፒውተር ክፍሉን ስታይ ሃዊ አፏን ከፍታ ቀረች። ታች ካፌው ውስጥ አንድ ማኪያቶ መቶ ሠላሳ ብር ነው፤ ዋጋውን አንብበን ወጣን።

እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ ስማችንን መዘገበች። «ሰፈርስ?»

«ዘነበወርቅ» አለች ሃዊ።

«አየር ጤና» አልኩ እኔ። ሳላስበው ነው የወጣው።

ግቢውን እንዲያሳየን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሰጡን። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይዋሽበትም። ስድስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከተማውን እያሳየን ሳለ ወደ ምዕራብ ጠቆመ። «ያ ጭጋግ የመሰለው የቆሼ ጭስ ይመስለኛል። እዚያም ሰው ይኖራል አሉ! እንዴት ነው የሚተነፍሱት?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ሃዊ በአሳንሰሩ አልወርድም ብላ በደረጃው ጎተተችኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምኑ ነው ያሳቀሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ? እናትሽ ላይ ነው የሳቅሽው! እኔ ዘነበወርቅ ስል የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን አስቦ እጁን የሰበሰበብኝ ሰው ስንት ነው? እሱ እጁን ስለሰበሰበ እኔ ሰፈሬን ልቀይር? ማንነቱን አሳየኝ፣ እኔም ተገላገልኩት። ምን ጎደለብኝ?»

አፈርኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። በልጁ አይደለም፣ በራሴ ነው። ታክሲ ተራ ድረስ ከፊቷ ከፊቷ ሄድኩ። እዚያ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ከእንግዲህ ሰፈሬን የጠየቀኝ ሁሉ ቆሼን ከነስሟ ይሰማል። ጥያቄውን እንደ ወንፊት እይዘዋለሁ፤ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቀር አያለሁ። እስከ ዛሬ እነሱ ሲፈትኑኝ ኖረዋል፤ አሁን ፈታኟ እኔ ነኝ!

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሜክሲኮ

ሁለተኛው ኮሌጅ መግቢያው ላይ ትልቅ ግድግዳ አለው። ተማሪዎች የየብሔራቸውን የባህል ልብስ ለብሰው፣ ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሃዊ «እሰይ፣ እዚህስ ቤተኞች ነን» አለች።

የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ከረቫት ያሰሩ፣ ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡን፣ ውሃ አስመጡልን። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ቆሼ» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መሰለ። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አይዞሽ። እኛ ጋ ብዝኃነት መለያችን ነው። እንዲያውም አንድ ነገር አሰብኩ። የዘንድሮው በራሪ ወረቀታችን ላይ ፎቶሽን ብናወጣውስ? ‹ከቆሼ እስከ ኮሌጅ› ብለን። ለብዙዎች አርአያ ትሆኛለሽ።»

ገና መች ተመዘገብኩና ነው አርአያ የምሆነው?

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ፣ «ከቦሌ የሚመጡትንስ ‹ከቦሌ እስከ ኮሌጅ› ብላችሁ ታነሷቸዋላችሁ?»

ሳቅ አሉ። «አይ፣ እነሱ እኮ… እነሱማ ያው ተማሪዎች ናቸው።»

«እኔም ያው ተማሪ ልሆን ነው የመጣሁት።»

ሃዊ ጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ እስከ በሩም ሸኙን። ካፌያቸውን አይተን ለመውጣት ጎራ አልን። ግድግዳው ላይ የተቃቀፉት ልጆች እዚያ የሉም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ለብቻው አንድ ቋንቋ ያወራል፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ዓይን እንኳ አይሻገርም። ሃዊ አንዱ ጋ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለች። ደስ ብሏቸው ወንበር ሳቡላት፣ ለእሷ ብቻ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «ነይ እንሂድ» ብላ ራሷ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ጦር ኃይሎች

ሦስተኛው ኮሌጅ ግቢ አለው ማለት ስም መስጠት ነው። ከታች የጫማ መሸጫና ፋርማሲ አለ፣ በመሃላቸው ባለ ጠባብ ደረጃ ሦስት ፎቅ ይወጣል። አሳንሰር የሚባል የለም። ሽንት ቤቱ ውሃው ስለሚጠፋ በርሜልና ጣሳ ተቀምጦለታል። ቤተ መጻሕፍቱ የእኛን ሳሎን ቢበልጥ በትንሹ ነው። የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት በመስኮቱ ስለሚገባ መምህሩም ሳይጮህ አያስተምርም። ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ኋላ አታለለችን እንዳትሉ።

ሬጅስትራሯ ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ። «ሰፈር?»

«ቆሼ።»

አሁን ቀና አሉ። ተዘጋጀሁ።

«ቆሼ የቱ ጋ? ከአስፋልቱ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲያ ነው፤ ከኃይል ማመንጫው ዝቅ ብሎ።»

«እንግዲያው ጠዋት ታክሲ ያስቸግርሻል። ክፍል ሁለት ሰዓት ነው የሚገባው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰልፍ ካልያዝሽ ታረፍጃለሽ፣ እኔ ደግሞ አርፋጅ አልወድም። ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«ሌላ የሚጠይቁኝ የለም?»

«ምን ልጠይቅሽ? ውጤትሽን አምጪያ!»

ዘልዬ ልስማቸው ነበር። ለካ ሰፈር አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል!

ምሳ አልበላንም ነበርና ምግብ ቤቱ ገባን። አራት ተማሪዎች አንድ ትሪ ፓስታ በእንጀራ ከበው ስለ ቡድን ሥራ ይነታረካሉ። አንዷ ሂጃብ ያደረገች፣ አንዱ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ፣ አንዱ ከወልቂጤ የመጣ፣ አንዱ ቁመቱ በሩን የሚነካ የጋምቤላ ልጅ። «አንተ ገጽ ሦስትን ሳትሠራ ነው የምትጎርሰው!» ትላለች ሂጃብ ያደረገችው፤ ማንም አፉን አልነቀለም። ወንበር ፈልገን ስንቆም ለሁለታችንም ጠጋ ጠጋ አሉ። ልጅቷ ሰፈሬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ!» አለች። «እኔም እዚያው መስመር ነኝ። ቀድመሽ ከደረስሽ ሰልፍ ትይዥልኛለሽ።» ውሃ በበርሜልም ቢሆን አራት ዓመት የምቀመጠው እዚህ ነው አልኩ በልቤ።

ሃዊስ? ደረጃውን ስንወርድ «እኔ የቦሌውን ነው የምይዘው» አለችኝ።

«ምን? ያ ሁሉ ቁጣሽ የት ሄደ?»

«ኮምፒውተሩን አይተሽዋል? ለነሱ ብዬ ልተወው? ያን ልጅ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ዘነበወርቅ ዘነበወርቅ እያልኩ ነው የማሳብደው።»

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቤት

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ሃዊ ዘነበወርቅ ከወረደች በኋላ ታክሲው ቆሼ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። አጠገቤ ሽቶ የተቀባች ሴት ነበረች። ኮሌጅ ላይ እንደ አንበሳ ያገሳሁት ሴትዮ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩና ጭቃውን እየረገጥኩ ተመለስኩ። ራሴን እየረገምኩ ነው ቤት የደረስኩት።

እማዬ በር ላይ ጀሪካን እየፈተገች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ቆሼ ማለቴን ስትሰማ አሸዋውን ከእጇ ጣለችው።

«ማን በይ አለሽ? ጉድ ነው! አንዴ እውነቱን ተናግሬ አንድ ደንበኛዬ የገዛውን ጀሪካን መሬት ላይ ጥሎብኝ ሄዷል። በሰው ፊት! አንቺ እንዲያ እንዳትሆኚ ብዬ ነው ቦሌ የምልሽ።»

«ቦሌ ስሄድ ቆሼ ላይ ከሚስቁት ጋር ሳቅኩ እማዬ። አንቺ ላይ ሳቅኩ። እዚያ ከገባሁ አራት ዓመት ስስቅ ልኖር ነው። አልፈልግም! እነሱ የሚያፍሩበትን ጀሪካን አንቺ አጥበሽ ነው ያሳደግሽኝ፣ እኔ በእሱ አላፍርም።»

ጀሪካኑን በውሃ አለቀለቀችና ደፋችው። «ነገ ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ» አለች። ያ ለእሷ ብዙ ነው።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት

እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። በርሜሉን አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠች። ወይዘሮ አስቴር የእኔን ቅጽ ከጨረሱ በኋላ የወላጅን ቅጽ አወጡ።

«የወላጅ አድራሻ?»

«አየር ጤና» አለች እማዬ፣ ቀጥ ብላ።

በሰው ፊት እናቴን አላርምም፤ ወለል ወለሉን አየሁ። ወይዘሮ አስቴር ጻፉት። ከዚያ ሁለቱን ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጠው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እናትና ልጅ ቤት ተለያይታችኋል እንዴ?»

እማዬ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቅጹን። ነጠላዋን አስተካከለች።

«የእሷን ይጻፉት» አለች። «የሷ ነው ትክክሉ።»

ወይዘሮ አስቴር ሰርዘው ጻፉ። ማኅተሙን መቱበት።

አምስት ሰዓት፣ መመለሻ

በሁለት ቀን የተማርኩት ይህ ነው፦ ኮሌጅ ሲመርጡ ሕንፃውን ማየት ግማሽ ሥራ ነው። ስለ ብዝኃነት ግድግዳው የሚለውን አትስሙ፤ ሰፈራችሁን ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩ። የሚስቅባችሁም የሚያለቅስላችሁም ይቅርባችሁ። ጠዋት ስንት ሰዓት ሰልፍ እንደምትይዙ የሚነግራችሁ ጋ ተመዝገቡ።

ታክሲው ሙሉ ነበር። እማዬ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገቧ። ዘነበወርቅን አለፍን። ቆሼ ፌርማታ ሲታየኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ዛሬስ እለዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። አፌን ሳልከፍት ግን ያ የገበያ ድምፅ ከጎኔ ተነሣ።

«ረዳት! ቆሼ ወራጅ አለ!»

ረዳቱ ዞር አለ። «ማዘር፣ እርስዎ የሚወርዱት ቀጣዩ ላይ አይደል እንዴ?»

«ቆሼ ነው ያልኩህ! ቤቴን አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ታክሲው ቆመ። እማዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች፣ እኔም ተከተልኳት። በሩ ሊዘጋ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳና ዘንቢል የያዘች ሴት ብድግ አሉ።

«ቆይ አትዝጋው» አለች ሴትዮዋ። «እኛም እዚሁ ነን።»