ሰባ ስምንት ከመቶ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ድካም የሚባለውን ነገር በሚገባ አወቅሁት። ሲያርስ የዋለ ሰው ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ይለቀዋል። የኔው ግን አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ የሚነሳ ነበር። ጠዋት ሁለት ክፍል፣ ከሰዓት ሁለት ክፍል፣ በያንዳንዱ ክፍል ከሰማንያ የማያንስ ተማሪ። በዚያ ላይ የአንዱ ስምንተኛ ክፍል ኃላፊ ስለሆንሁ ጠዋት ጠዋት ስም መጥራትና መዝገብ መሙላት የኔ ሸክም ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሲያዩኝ ግን አርባ ይሰጡኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ፐርሰንት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌዎቹም ከልጆቹ ኑሮ የራቁ ናቸው። ቅናሽ ያደረገ የባሕር ማዶ ሱቅ፣ በባቡር የሚሳፈር መንገደኛ፣ በርሜል ሙሉ ፖም። ማን ነው ደብረ ማርቆስ ላይ ፖም በበርሜል ያየ? ልጆቹ ደግሞ ማካፈል አያውቁም እንዳይባል፣ ሲሶ ሲሏቸው፣ እርቦ ሲሏቸው፣ አስራት ሲሏቸው አውድማ ላይ ያለውን እህል በዓይናቸው ለክተው ይከፍሉታል። «ሠላሳ ሦስት ከመቶ» ሲሏቸው ነው አፋቸውን የሚይዙት። መጽሐፉን ዘጋሁና በቁናና በዳውላ ማስተማር ጀመርሁ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። አንድ ገበሬ ከሁለት ዳውላ ስንዴው ሃያ ከመቶውን ለዘር አስቀመጠ፤ ጎረቤቱ ከአምስት ዳውላ ስንዴው አሥር ከመቶውን አስቀመጠ። ማን የበለጠ ዘር አለው? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የመጀመሪያው!» አለ። ሃያ ከአሥር ይበልጣላ። ጠመኔውን ወርውሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጎረቤቱ ነው መምህር። ዳውላ ሃያ ቁና ነው፤ የመጀመሪያው ስምንት ቁና ያስቀምጣል፣ ጎረቤቱ አሥር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከምን ላይ እንደሆነ አየሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከምን ላይ?» የክፍላችን ሕግ ሆነ። ማንም ተማሪ ፐርሰንት ከመሥራቱ በፊት ከላይ «ከምን ላይ፦» ብሎ እንዲጽፍ አዘዝሁ። ያልጻፈ መልሱ ልክ ቢሆንም ዜሮ። ከመቶ ስንት የሚለው ማንም ሞኝ የሚናገረው ነው፤ ከምን ላይ ብሎ የሚጠይቅ ነው ሒሳብ የሚያውቅ፤ እያልሁ ተመጻደቅሁባቸው። እውነትም መስሎኝ ነበር።

ልጅቱ ከአምበር በኩል የመጣች የቄስ ልጅ ናት። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስንቋን ከቤተሰቧ እያመጣች ትማራለች። ዓርብ ከሰዓት በእግሯ ትወርዳለች፤ በሶዋን፣ ድርቆሿንና ሽሮዋን በአቁማዳ ተሸክማ ትመለሳለች። ሌሎቹ ልጆች እሁድ ይመለሳሉ። የእሷ አባት ግን «በሰንበት ሸክም ከቤቴ አይነሳም» የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ፣ ለከሰዓቱ ትምህርት ትደርሳለች። እኔ ስም የምጠራው ጠዋት ነው። መዝገቡ ላይ ለተገኘ ተማሪ አንድ ጭረት አደርጋለሁ፤ ለቀረው ዜሮ። ሰኞ ሰኞ በስሟ ፊት፣ በተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ፣ ዜሮ ይቀመጣል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ ሰኞ ከሰዓት ስለነበር እግሯ አቧራ እንደለበሰ መጥታ ትቀመጣለች፤ የኔ ትምህርት አንድም ቀን አላመለጣትም። ለዚህም ነው ዜሮዎቹ ያላሳሰቡኝ።

አባቷ ሌላም ቃል ነበራቸው። ስንቅ የምታገኘው እስከ ስምንተኛ ነው። የሚኒስትሪን ፈተና ካለፈች ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ገብታ በመንግሥት ወጪ ትማራለች፤ ካላለፈች ወደ ቤቷ። ይህን ራሷ ነግራኛለች፤ ሳታማርር፣ የአየር ጠባይ እንደሚነግር ሰው።

በዚያ ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጣልንና አዲስ ደንብ አወጣ። ከትምህርቱ ቀን ሰማንያ ከመቶ ያልተገኘ ተማሪ ለሚኒስትሪ ፈተና ስሙ አይላክም። ግንቦት ላይ የየክፍሉ ኃላፊ አስልቶ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ በሁለት ቀን ውስጥ። እኔ መዝገቡን ይዤ ተቀመጥሁና በየስሙ ፊት ያለውን ጭረት መቁጠር ጀመርሁ። ዓይኔ እየፈዘዘ፣ እየዘለልሁ፣ እንደገና እየጀመርሁ። የዓመቱ ዕቅድ እስከዚያ ሳምንት ሁለት መቶ ቀን ይላል፤ ጭረቱን ለሁለት መቶ አካፈልሁ። ሌሎቹ ሁሉ በደህና አለፉ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ መቶ ሃምሳ ስድስት ጭረት አላት። ሰባ ስምንት ከመቶ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ያው ነው። አዘንሁ፤ አዝኜም ስሟን ከዝርዝሩ አወጣሁና ዝርዝሩን አስረከብሁ።

ለራሷ የነገርኋት ሰኞ ከሰዓት፣ እንደመጣች፣ አቁማዳዋን በር ላይ እንዳስቀመጠች ነው።

«ስምሽ አልተላከም። ሰባ ስምንት ነው የወጣልሽ።»

«ከምን ላይ ነው መምህር?»

ዛሬም ድረስ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ያስተማርኋት ጥያቄ ነው። የዚያን ዕለት ግን ከሰማንያ ልጅ ጋር ስጮህ የዋልሁ፣ ገና አንድ ክፍል የሚቀረኝ፣ መልካም ነገር ለመስማትም ለመናገርም አቅም ያጣሁ ሰው ነበርሁ። እንደ ድፍረት ቆጠርሁባት።

«ከሁለት መቶ ቀን ነዋ! መቶ ሃምሳ ስድስት ቀን ተገኘሽ። ሌላ ከምን ላይ ሊሆን ኖሯል? ግቢና ተቀመጪ።»

ገብታ ተቀመጠች። ሐሙስ ዕለት የክፍሉን ደብተር ሁሉ ለእርማት ሰበሰብሁ፤ የእሷም ነበረበት። ዓርብ ወደ ቤተሰቧ ወረደች። በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት ወንበሯ ባዶ ሆነ። ደብተሮቹ በመምህራን ክፍል መስኮት ላይ ተቆልለው ቀሩ። ነገ አርማለሁ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፤ ድካሙም አብሮት ይመጣል።

የሚኒስትሪ ፈተና ቀን ፈታኞቹ ከሌላ ትምህርት ቤት ስለሚመጡ እኛ ሥራ አልነበረንም። ግቢው ጸጥ ብሎ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔ በመምህራኑ ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሥራ መፍታቴ አሳፍሮኝ ከቁልሉ ደብተር አነሳሁ። ሦስት አራት ካረምሁ በኋላ የእሷ መጣ። ያዘዝሁት አሥር ጥያቄ ተሠርቷል፤ በያንዳንዱ ላይ «ከምን ላይ፦» ተብሎ ተጽፏል፤ አሥሩም ልክ ነው። ከአሥሩ በታች ግን እኔ ያልሰጠሁት አሥራ አንደኛ ጥያቄ ነበር። በዚያው በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ።

«አንዲት ተማሪ መቶ ሃምሳ ስድስት ጭረት አላት። ከመቶ ስንት ቀን ተገኘች?

ከምን ላይ፦ ከሁለት መቶ ላይ ስም ያልተጠራበት ሲቀነስ። እንግዳ ለመቀበል መንገድ ዳር የቆምንበት 3 ቀን። ነፋስ ቆርቆሮውን የገለበጠበት 2 ቀን። ለአጥር ባሕር ዛፍ የተሸከምንበት 2 ቀን። 200 − 7 = 193።

156 ለ193 ሲካፈል 80.8 ከመቶ።

መምህር፣ ልክ ነው?»

መዝገቡን አውጥቼ ገለጥሁ። ሰባት ባዶ ዓምድ፤ ጭረትም ዜሮም የሌለበት። እንዴት እረሳዋለሁ? ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ ተማሪውን ሁሉ ባንዲራ አስይዘን ሦስት ቀን መንገድ ዳር ያቆምን እኛው ነን። ሁለቱን ቀን ሳይመጡ ቀሩ፤ በሦስተኛው መኪናው ሳያዘግም አልፎ አቧራውን አለበሰን። እሷም ከነባንዲራዋ ቆማ ነበር። በነዚያ ቀኖች ስም የጠራ የለም። ጭረት የሚቆጥር ሰው ደግሞ ባዶውን ከቀረ ጋር አንድ ያደርገዋል። ሰባቱ ቀን የጎደለው ከሁሉም ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ትርፍ ስለነበራቸው ማንም አልተሰማውም። ጉድለቱ ያረፈው ትርፍ በሌላት ላይ ነው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጥሁ። አየው፤ ገልብጦም ደግሞ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም። «ልክ ናት» አለ። «ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ወንድሜ። ዝርዝሩ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው፤ ልጆቹም ይኸው ተቀምጠዋል። ለሚመጣው ዓመት ደግማ ትቀመጥ።»

ቅዳሜ ወደ ደጀን በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ አምበር ወረድሁና እየጠየቅሁ ቤታቸው ደረስሁ። አባቷ መስቀላቸውን አሳልመውኝ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ልጅቱ ውሃ አመጣች፣ እጄን አስታጠበችኝ፤ ዓይኗን ከማሰሮው አላነሳችም። እኔ በመንገድ ላይ ያሰናዳሁትን ሁሉ ረሳሁትና ዝም ብዬ እውነቱን ተናገርሁ። ልጅዎ አልቀረችም፤ የቆጠርሁት እኔ ነኝ፣ የሳትሁትም እኔ ነኝ፤ ሰማንያውን አልፋ ነበር።

ቄሱ እስክጨርስ አዳመጡኝ። «አሁን ይመለሳል?» አሉ።

«የዘንድሮው አይመለስም አባቴ። ግን ለሚመጣው ዓመት ስንቅ ቢጨምሩላት...»

«ልጄ፣ እናቷ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ስትፈጭ ኖራለች። እሷም ሁለት ዓመት ስትሸከም። እኔ እስከ ስምንተኛ ብያለሁ፤ ከእሷ በታችም ሁለት አሉ፣ እነሱም ተራ አላቸው።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። «የማይመለስ ከሆነ እንግዲህ ምን ልትነግረን መጣህ?»

ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነው ብል ምን ይጠቅማቸዋል? የቀረበልኝን ጠላ ጠጣሁ፤ ተነሳሁ። ልጅቱን «ሸኚው» አሏት።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ከፊቴ እየመራች ሄደች። መኪና የሚቆምበት ዛፍ ጋ ስንደርስ ነው የተናገረችው።

«ደብተሩን አዩት መምህር?»

«አየሁት።»

«ልክ ነበረ?»

«ልክ ነበረ። እስከ ነጥቡ ድረስ ልክ ነበረ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገችና፣ እኔ ያልጠበቅሁትን፣ ፈገግ አለች። «ደብተሬን ስላልመለሱልኝ ስቼ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ በከሰል መዘጊያው ላይ ሠራሁት። ስሠራው ልክ ይሆናል፤ ግን መምህር ዝም ካሉ ስህተት ነው አልሁ።»

ምን ብዬ እንደተሰናበትኋት አላስታውስም። መኪናው ላይ ሆኜ ወደኋላ ሳይ ገና ቆማ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በሩን እያየሁ አስተማርሁ። አልመጣችም። በኋላ አገባች ብለው ነገሩኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ እንደገና ትልቅ ሰው ይመጣል ተባለ፤ እንደገና ተማሪውን መንገድ ዳር አሰለፍን። መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ባንዲራው እየተውለበለበ፣ ልጆቹ እየተሳሳቁ፣ መምህራኑ እየተጠቃቀሱ፣ እዚያው ጥርጊያው ላይ ቆሜ ስም መጥራት ጀመርሁ። ዳይሬክተሩ መጣና «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ። «እየቆጠርሁ» አልሁት።

አንድ፣ ሁለት እያልሁ ወረድሁ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ደረስሁ። ጠራሁ። ሌላ ልጅ «አቤት» አለ፤ ጭረት አደረግሁለት።