የመያዣ ትእዛዝ ይዞ ለመጣ ሰው

ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አስካለ ደወሉልኝ፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ሲደርሳቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ። የትራፊክ ቅጣት ቀጠሮ ስላለፋቸው የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶባቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፖሊሶቹ ሲመጡ ለድካማቸው የሚሰጥ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። አጣርቼ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያሰብኩት ሕጉን ሳይሆን አባቴን ነበር።

ነገሩ ከዓመታት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ፒኮ ሮበርትሰን በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበሩ። የኋላ መብራቱ የተቃጠለ መኪና ሲነዱ ተቀጡ፤ በቀጠሮው ቀን የታመመ ባልደረባቸውን ተክተው ሲሠሩ ዋሉና ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ቀሩ።

ወሩ የካቲት ነው። ይህ ከተማ ከስንት አንዴ የሚያየው ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ረቡዕ ስለነበር ምስር ወጥ ጥጃለሁ። በሩ ተንኳኳና ስከፍት ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ ከካፖርታቸው ውኃ ይንጠባጠባል። ሸበቶው ትእዛዙን አነበበ፣ እኔ ተረጎምኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ወንበር ሳቡላቸው። ቀጥሎ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ገንዘብ አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«ለእግራቸው ነው በያቸው። ዝናብ እየመታቸው መጥተዋል።»

አባቴ ባደጉበት ወረዳ፣ የዳኛ ትእዛዝ ይዞ ለመጣ ሰው ምሳ ይቀርብለታል፤ ሲመለስም ለእግሩ ይሰጠዋል። ይህን ያላደረገ ሰው ከተከሰሰበት ነገር ይልቅ በንፉግነቱ ይታማል። እዚህ ግን ስሙ ጉቦ ነው። የዜግነት ማመልከቻቸው ገና መልስ አላገኘም ነበር፤ ያ የተዘረጋ እጅ ከአንድ አምፖል ወደ ከባድ ወንጀል ሊያሻግራቸው ይችል ነበር። ወጣቱ ፖሊስ ካቴናውን ከቀበቶው መፍታት ጀምሯል።

«አባቴ የሚጠይቁት» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ «ለመምጣታችሁ በሕግ የሚከፈል ነገር እንዳለ ነው።»

ሸበቶው ገንዘቡን አየ፣ ከዚያም የአባቴን ሁለት እጆች።

«አለ» አለ በዝግታ። «ግን ዳኛው ነው የሚጨምርባቸው። እኛ አንቀበልም። ኪሳቸው ይመልሱት።»

«አባባ፣ የሚያስከፍለው ዳኛው ነው አሉ። ይመልሱት።»

«ዳኛው በዝናብ መጥቷል እንዴ?» አሉ አባቴ፤ ግን መለሱት። ካቴናውን ያጠለቁላቸው መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነበር። ጎረቤት እንዳያይ ብለው ይመስለኛል።

በማግስቱ ዳኛው ቅጣቱን፣ በላዩም ትእዛዙን የማድረሻ ክፍያ ወስኖባቸው ለቀቃቸው። ስለ ቅጣቱ አጉረመረሙ፤ ማድረሻው ግን ተገቢ ነው አሉ። ለዚያ ሸበቶ ፖሊስ ይደርሰው እንደሆነ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ሰውየው ባዶ እጁን ሄደ በይኛ።»

አባቴ ሕግ አያውቁም ብዬ ያዘንኩባቸው ጊዜ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሊያስራቸው የመጣውን ሰው ብርድ ማየት የቻሉት በዚያ ቤት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አርብ ጠዋት ወደ ምግብ ቤቱ ሄጄ ለእትዬ አስካለ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ክፍያ ቢኖር የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፣ ለፖሊስ ግን ምንም አይሰጥም።

«ሶ፣ ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው?» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ራስዎ ቢቀርቡ ይሻላል። ያኔ ማንም ለእርስዎ ሲል በመንገድ አይደክምም።»

ጥቂት አሰቡና ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ። ሰኞ እስኪሆን መጠበቅ አልፈለጉም፤ ያኑ ዕለት ጠዋት አብረን ፍርድ ቤት ልንቀርብ ወሰንን።